ማንም የማያነሳው የእማማ ወንበር

«ዜኖን፣ እማማ ከእንግዲህ አትመለስም። እዚያ ከተማ ውስጥ ኖረች አልኖረች ልብ የሚል ሰው የለም። ወጥ ቤት ያለውን አሮጌ ወንበሯንም አውጥተህ ጣለው።»

ይህ ያንቺው ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። ደብዳቤሽን ዐሥራ አንድ ቀን በደረት ኪሴ ይዤው ዞርኩ። ቶሎ ያልመለስኩልሽ በቁጣ የጻፍኳቸውን ሦስት ደብዳቤዎች መቅደድ ስለነበረብኝ ነው።

ቢሆንም እህቴ ነሽና ሰላምታ አልነፍግሽም። እንደምን ሰነበትሽ፣ ሃሊና? ራስ ምታቱ ተወሽ? የባለቤትሽ የዱዌይን ወገብስ ቀና አለ? ልጃችሁ ማርሲ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ከሁሉ በላይ የእማማ ዳሌ እንዴት ነው? ያለ ምርኩዝ ጓሮ እስካለው የብርቱካን ዛፍ ትደርሳለች ብለሽኝ ነበር፤ ከብርቱካኑ ወደ ቤትስ ብቻዋን ትመለሳለች? የዚያ አገራችሁ ሙቀት እንዳይጎዳት ውሃ አጠጫት። እኔ ደህና ነኝ። ቁጣዬም ደህና ነው።

«እዚያ ከተማ» ትይዋለሽ፣ እትብትሽ ያልተቀበረበት ይመስል። ሰሞኑን ብታዪው ኖሮ እንዲህ አትይም ነበር። በረዶው ድንገት መቅለጥ ጀምሮ ከሀይቁ የተነሣው ጉም ሺካጎን ከነሕዝቧ ውጧታል። ጧት ወደ ሥራ ስሄድ ባቡሩ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ሲያልፍ ከታች ምድር የለም፤ የጭስ መውጫዎችና የቤተ ክርስቲያን ጉልላቶች ብቻ በነጭ ባሕር ላይ እንደ ጀልባ ቆመዋል። የመሐል ከተማው ሕንጻዎች እስከ ወገባቸው ናቸው፤ የቀረውን ሰማይ ወስዶታል። የወንዙን ድልድዮች ብሎን ስመረምር ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ዛሬም ጀልባ ለማሳለፍ ሁለቱ የድልድይ ክንፎች ቀስ ብለው ሲነሱ ለምርቃት የተዘረጉ መዳፎች ይመስሉኛል። ባቡሩ ውስጥ ከሌሊት ፈረቃ የወጡ ነርሶች አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ተኝተዋል። ጣቢያው ደረጃ ሥር በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ታማሌ የምትሸጠው ሴት፣ «ሁለት ውሰድ፣ አንዱ ለኩርፊያህ ይሆናል» ትለኛለች። ሁሉም ከሌላ አገር የመጣ ነው። ነፋሱን ግን እንደ አማቱ ያማዋል፤ እንግዳ ሰው ቢያማበት ይጣላል።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ። በወሩ መባቻ የወረደውን በረዶ በቴሌቪዥን ሳታዪው አልቀረሽም። በመንገዳችን ላይ መኪና አይታይም ነበር፤ ነጭ ጉብታ ብቻ። የእኔን ለማውጣት አራት ሰዓት ሙሉ ቆፈርኩ። የሰፈራችንን ሕግ መቼም አልረሳሽውም፤ ማቆሚያ ቦታው ለቆፈረው ሰው ነው፣ መኪናውን ይዞ ሲሄድም ወንበር አስቀምጦ ይሄዳል፣ ወንበሩን አንስቶ የሚያቆም ደፋር መኪናው ላይ ውሃ ተደፍቶበት በረዶ ሲጋገርበት ያገኘዋል። የማዘጋጃ ቤቱ ሕግ ሌላ ይላል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግን አልቆፈረም። አባባ ከሞተ ጀምሮ እማማ በየዓመቱ የምታወጣው ያንን ቀዩን የወጥ ቤት ወንበር ነበር። እኔም አወጣሁት።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን መኪናዬን ጋራዥ ትቼ ነበር፤ አንብቤው በንዴት ወደ ደጅ ወጣሁ። ወንበሩ የለም። በቦታው የልብስ መተኮሻ ጣውላ ቆሟል። አንቺ ወንበሯን ጣለው ባልሽ ሰዓት ሌላው ቦታዋን የቀማት መሰለኝና ጣውላውን እግሩን ይዤ የበረዶው ክምር ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ፊት ለፊታችን የሚኖረውን የቤት ዕቃ ጠጋኙን ረፉሂዮን አንኳኳሁበትና፣ «የእናቴን ወንበር የሰረቀውን ሰው አይተሃል?» አልኩት።

በትከሻዬ አሻግሮ በረዶውን አየና ሚስቱን ጠራ። «ኤልቪራ፣ ነይ እስኪ። ኢንጂነሩ መተኮሻሽን ገድሎብሻል።»

ወንበሩ በእሱ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። የበረዶ መጥረጊያው መኪና ገጭቶ እግሩን ሰብሮት፣ አንስቶ በሙጫ አጣብቆ በገመድ አስሮታል። ኤልቪራ ደግሞ ወንበሩ እስኪድን ድረስ ቦታውን ሌላ እንዳይወስድብን ብላ መተኮሻዋን አቁማልናለች። «የእናትህን፣ የዶኛ ያድዊጋን ወንበር የማያውቅ አለ እንዴ?» አለኝ ረፉሂዮ። «እዚህ ሰፈር የገባሁ ዕለት ስሜን ሳትጠይቀኝ እዚህ ላይ አስቀምጣ ሾርባ ያጠጣችኝ እሷ ናት። አንተማ ሦስት ዓመት ሙሉ ባንገትህ ነው ሰላም ያልከኝ።» እውነቱን ነው። ይቅርታ ጠየቅኩ። ኤልቪራ ግን ይቅርታ በባዶ እጅ አልቀበልም አለች። «እሑድ መጥተህ የእሱን ሸሚዞች ትተኩሳለህ» አለችኝ። ተኮስኩ። ኮሌታው ላይ ስህተት አገኘችብኝ።

በረዶው ሲቀልጥ እንደ ልማዱ ሁሉም ወንበሩን አስገባ። እኔም የተጠገነውን የእማማን ላነሳ ጎንበስ ስል ፖስታ አዳያችን ኦዴሳ ከእግረኛ መንገዱ ላይ፣ «እጅህን ሰብስብ» አለችኝ። «ያንን ወንበር የምታነሳው እሷ ናት። በኦክቶበር ‹ለሁለት ሳምንት ነው› ብላኝ ሄዳ ይኸው አምስተኛ ወሯን ይዛለች። እኔ እንደሆነ ቀን አይጠፋብኝም።» ረፉሂዮም በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ተዪው ኦዴሳ፣ ዕቃ ካልወረወረ ቀኑ አያልፍለትም» አለ። ትቼው ገባሁ።

ዛሬ አስፋልቱ ደርቋል። በመንገዳችን አንዲት ቁራጭ በረዶ የለችም፤ ማቆሚያ ያጣ ሰው ሦስቴ አራቴ ይዞራል። ወንበሩ ግን ጉሙ ውስጥ ብቻውን ቆሟል፣ ማንም አያቆምበትም። እኔ ራሴ ሁለት መንገድ ተሻግሬ ነው የማቆመው። ጧት በመስኮት ሳየው ጉሙ በመደገፊያው ላይ ያልፋል፤ አንዳንዴ ሻርፗን ያደረገች ይመስለኛል፤ ዓይኔን ሳሽ ቀዩ ወንበር ብቻ ይቀራል። ልብ የሚል ሰው የለም ያልሽው ስለዚህ መንገድ ነው።

የምቆጣው ባንቺ ብቻ አይደለም። ሻንጣዋን ታክሲው ድረስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። አንቺም መቅረት ትፈልጊያለሽ ወይ ያልሻት አይመስለኝም። እሷ ልጆቿ ከሚጣሉባት ዝም ማለት ይቀላታል፤ እኛም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠርነው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት፤ ከላይ ያለውን የራስሽንም ቃል ሳታስቀሪ። ከዚያ ወረቀትና እስክርቢቶ ስጫትና ክፍሉን ለቀሽላት ውጪ። እቀራለሁ ካለች ወንበሩን አሽጌ እልክላታለሁ፣ ብርቱካኑ ሥር ታስቀምጠው፤ ዳግመኛም አንድ ቃል አልናገርም። እመለሳለሁ ካለች ግን ማርች 8 የቅበላ ማክሰኞ ነው፤ ከዚያ በፊት ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ። ኤልቪራ እማማ በየቅበላው ለሰፈሩ የምትጠብሰውን ፖንችኪ የሚሉትን ጣፋጭ ዶናት ልትማር ዱቄትና ማርማላታ ገዝታ ተቀምጣለች።

ዱዌይንን ሰላም በይልኝ፤ ከባድ ዕቃ አያንሳ። ማርሲን ጉንጯን ሳሚልኝ። እኔን ባየ ቁጥር የሚጮኸውን ውሻችሁንም እንደ ምንም ብለሽ ሰላም በይልኝ። የእማማን ጉልበት እስማለሁ፤ ይህን ስታነቢላት ራሷ ትሰማዋለች።

መልሱ በጽሑፍ፣ በእሷ በራሷ እጅ ተጽፎ፣ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ይድረሰኝ። ስልክ አልቀበልም። አንቺም ልጽፍላት እንዳትይ፤ ኦዴሳ የእማማን የእጅ ጽሑፍ ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች።

ወንድምሽ ዜኖን
ማኪንሊ ፓርክ፣ ሺካጎ
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2011