ለአጥንት ርብራብ የሠሩት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። የበኩር ልጅ በመሆናቸው ለአንድ ታናሽ ወንድማቸው፣ ማለትም ይህን ለማነብላችሁ ለእኔ፣ እህትም ሞግዚትም ፖሊስም ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት አባታቸው በገነቡት ትምህርት ቤት ነው። ጣሪያው እንደሚያፈስ አባታችን እስኪሞቱ ድረስ አላመኑላቸውም።

በ1965 ዓ.ም. ወንድማቸው ለአባቱ ምሳ ሊያደርስ ሄዶ፣ አትውጣ የተባለው የግንባታ ርብራብ ላይ ወጥቶ ወደቀ። የቅልጥሙ አጥንት ተሰበረ፤ ሐኪሞች ቢያስሩት ቢፈቱት አልገጥም አለ፤ እግሩ አጥሮ በክራንች ቀረ። እሳቸው ሥዕል ማጥናት ነበር የሚፈልጉት። ከዚያ በኋላ ግን ብሩሽ አልነኩም፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ኬሚስትሪ መረጡ።

በ1974 ዓ.ም. ምርምር ተቋም ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ከዚያ አልወጡም። ሥራቸውን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ አባታቸው ለሕንጻ የሚያቆሙትን ርብራብ እሳቸው ለአጥንት ሠሩ። ከምስር የማይበልጥ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር ነው። ስቴም ሴል የሚባሉትን፣ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልወሰኑ ሕዋሳት ይዘሩበታል። አጥንት እንዲሆኑ የሚገፋፋቸውን ንጥረ ነገር ደግሞ ከዕፅዋት ሥር ያወጣሉ። ሥሩን መጀመሪያ የቀቀሉት በቤታቸው ድስት ነበር። በ1976 ዓ.ም. ያገቧቸው የሒሳብ መምህር «ይሄ የሚበላ ነው የሚጠና?» ሳይሉ ማንኪያ አያነሡም ነበር። ባልደረቦቻቸውም እጃቸው ሁልጊዜ ስለሚጣበቅ «እትዬ ሙጫ» ይሏቸው ነበር። አንዲት ልጅ ወልደዋል፤ የጥርስ ሐኪም ናት።

በ1998 ዓ.ም. ርብራቡ ቀላ። ካልሲየም ሲያገኝ የሚቀላ ማቅለሚያ አለ፤ ቀላ ማለት አጥንት መያዝ ጀመረ ማለት ነው። ተቋሙ አጨበጨበ። አብሯቸው የሚሠራው ቀዶ ሐኪም ፈቃድ ሲገኝ የመጀመሪያው ታካሚ ወንድማቸው እንዲሆን ስሙን ያዘ። ወንድማቸውም በደስታ አብዶ፣ ሶሉ እኩል የሆነ ጫማ ገዛ።

እሳቸውን ግን እንቅልፍ እምቢ አላቸው። ሕዋስ ያልተዘራበትን ባዶ ርብራብ ማቅለሚያው ውስጥ ቢነክሩት እሱም ቀላ። ለካ ርብራቡ የጠጣው የሥሩ ጭማቂ ራሱ ነበር ማቅለሚያውን የሚይዘው። ባዶውን አስቀድመው አለመንከራቸው የእሳቸው ስሕተት ነበር፤ ለተቋሙም ራሳቸው ተናገሩ። ከዚያ ቤት መጥተው «አጥንት አይደለም፣ ቀለም ነው» አሉት።

«ቀለምም ይሁን አስገቢልኝ!» አለ ወንድማቸው።

«በአንተ እግርማ አልቀልድም» አሉና አብረውት አለቀሱ። ጫማው እስከ ዛሬ አልጋ ሥር አለ።

አለቀላት ያሉ ነበሩ። እሳቸው እንደገና ከሥሩ ጀመሩ፤ ጭማቂውን አጣሩ፣ መጠኑን ቀነሱ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው የጥንቸል አጥንት በከፊል ገጠመላቸው። ለሰው ግን አልደረሰም። ደርሷል ብዬ ብነግራችሁ ከሣጥናቸው ተነሥተው ያርሙኛል።

ከወንድማቸው ጋር መንገድ ሲሄዱ «ጠጠር ገባብኝ» እያሉ ይቆሙ ነበር፤ ክራንቹ እስኪደርስባቸው ጫማቸውን ያራግፋሉ። ጠጠር ወድቆ አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ከፍቶናል።

ሣጥናቸውን የሚሸከሙት በቤተ ሙከራ ያሠለጠኗቸው ልጆች ናቸው። ወንድማቸው መሸከም አይችልም፤ ከኋላ ይከተላል።

እህት ዓለም፣ ዛሬ ጠጠር ገባብኝ ብለሽ እንዳትቆሚልኝ። ሂጂ። ፈጣሪ ነፍስሽን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልኝ። እኔ ቀስ ብዬ እደርስብሻለሁ።