በዕድሩ ድንኳን ላይ የተሰፋው የሻርጃ መብራት

ለውድ እህቴ ለእታገኝ፣

እንዴት ነሽልኝ፣ እቱዬ? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ ተሻለው ወይ? የሻርጃ ሙቀትስ ትንሽ በረድ አላለም? ባለቤትሽ ኤልያስ በመብራት ሱቁ ሥራ በርትቷል? ትህትናዬስ አማርኛዋን እንዳትረሳ ታወሪያታለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔም ከንዴት በቀር ምንም የለብኝም። መጀመሪያ ግን ደስ የሚለውን ልንገርሽ፤ አለዚያ ደብዳቤው የክስ ማመልከቻ ይመስልብሻል።

ኤልያስ የላከው ካርቶን በሰላም ደርሷል። የኮት ቁልፍ የሚያካክሉ መብራቶች በአንድ ሽቦ ላይ ተደርድረው ሳይ ምን እንደማደርጋቸው ጠፋኝና ኤሌክትሪሻኑን ኑሪን ጠራሁት። ለካ በእያንዳንዷ ነጥብ ውስጥ ሦስት ደቃቅ ፍሬዎች አሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። እንደ ድሮው አምፖል የሚግል ክር የላቸውም። ኤሌክትሪኩ በፍሬዋ ውስጥ ሲያልፍ ራሷ ፍሬዋ ታበራለች፤ ስለዚህ ሸራ ላይ ብትውልም አታቃጥልም። ሦስቱ እኩል ሲበሩ ደግሞ ነጭ ይወጣል። ይህን ሳይ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። ቀለሙ የሚሮጥ የሚመስለውም ትንሿ ማዘዣ ሳጥን ነጥቦቹን ተራ በተራ ስለምታዛቸው ነው እንጂ የሚሮጥ ነገር የለም። የሚፈልጉት አሥራ ሁለት ቮልት ብቻ ስለሆነ መቀነሻ አላቸው። ኑሪ «ወላሂ እትዬ ሸዋረገጥ፣ ያለ መቀነሻው ከሰኩት የሚተርፍዎት ካርቶኑ ብቻ ነው» አለኝ።

በጥር ለጎረቤታችን ሰርግ በዕድራችን ድንኳን ጣሪያ ላይ ሰቀልናቸው፤ ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባም እንደ መጋረጃ አወረድናቸው። ከሰርቦ የመጡት ሚዜዎች ጭፈራውን ትተው ፎቶ ሲነሱ አመሹ። እትዬ ፋንቱ ብቻ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ቀለሙ ዓይኔን ያዞረዋል፤ ነጩን ስታደርጊው ግን ሰማይ ሥር የተቀመጥኩ መሰለኝ» አለችኝ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ሊቀመንበራችንን አቶ ሀብተጊዮርጊስን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሰላምታ እንኳ አጀንዳ አስይዘው የሚሰጡ ሰው ናቸው። በሰርጉ ማግሥት መብራቱ ድንኳኑ ላይ እንዲሰፋ አዘዙ። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነኝና ተቃወምኩ። «ጋሼ፣ ይህ ድንኳን እኮ የለቅሶም ነው፤ መብራቱ በሜንጦ ተንጠልጥሎ ሲፈለግ የሚወርድ ይሁን» ብላቸው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ከመሞቱ በፊት ለምን ትቀብሪያለሽ?» ብለው አሳቁብኝ። አሰፉት። አንድ ሶኬት ይበቃል ብለውም የሻርጃውን መብራትና የድንኳኑን የቀድሞ አምፖል ገመድ በአንድ ዲቫይደር አሠሩት።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ፋንቱ አረፈች። ድንኳኑ በደጃፏ ተተከለ። ማምሻው ላይ አቶ ሀብተጊዮርጊስ አምፖሉን ላብራ ብለው ራሳቸው ዲቫይደሩን ሰኩት። እቱዬ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ በለቀስተኛው ራስ ላይ ይጋልብ ጀመር። አልቃሿ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ሰውዬው ደንግጠው አንዱን ገመድ ቢነቅሉት የጠፋው አምፖሉ ሆነና ጭፈራው ብቻ ቀረልን። ከኋላ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሲያፍን ሰማሁት። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ «የሸዋረገጥ ጉድ ነው» አሉ።

እንባዬ መጣ፤ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም። ሳጥኗን ፈልጌ ሩጫውን አቆምኩ፣ ሦስቱን ቀለም አንድ ላይ አደረግኩ፣ ብርሃኑን ዝቅ አደረግኩት። ጣሪያው ጸጥ ያለ ነጭ ሆነ። ልነቅለው ስል የፋንቱ ባል አቶ ወልደሰማያት ከፍራሹ ላይ እጃቸውን አንስተው፣ «ተይው ልጄ፣ ይህን ወድጄዋለሁ ብላኝ ነበር» አሉ። ሦስቱንም ቀን እንዲሁ በራ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እሑድ ስብሰባ ላይ አቶ ሀብተጊዮርጊስ መብራቱ ተቀዶ እንዲጣል፣ እኔም የግምጃ ቤቱን ቁልፍ እንዳስረክብ ሐሳብ አቀረቡ። የዘጠኝ ዓመት ቁልፍ። አንድ ማንኪያ ያልጠፋበት ቁልፍ። ልናገር ስነሳ አቶ ወልደሰማያት ቀደሙኝ፤ «ለፋንቱ አርባ ድንኳኑን ከነነጩ መብራት እፈልገዋለሁ፤ የሚያበራውም ሸዋረገጥ ናት» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማን እጁን ያወጣል? ቁልፉ እኔው ጋ ቀረ። መብራቱም ተፈቶ በሜንጦ እንዲሆን ተወሰነ።

ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «በሊቀመንበሩ አሳሳቢነት በሜንጦ እንዲሆን»። አስተካክሉት ብዬ አልለመንኩም፤ አልፈርምም አልኳቸው። ያለ እኔ ፊርማ ደግሞ ድንኳኑ ከግምጃ ቤት አይወጣም፤ ይህን ደንብ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ትናንት ጸሐፊው አዲስ ወረቀት ይዞ መጣ፤ «በወይዘሮ ሸዋረገጥ አሳሳቢነት» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ፈረምኩ። ሜንጦዎቹንም ዛሬ ከኑሪ ጋር ሰፍተን ጨረስን። «ጋሪ ዳ» አለኝ ሲያየው፤ እውነትም ጥሩ ሆኗል።

ኤልያስን ስለ መብራቱ እግዚአብሔር ያክብርህ በይልኝ። ትህትናን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ልጄ መቅደላዊት እጅ ትነሳለች፤ ኑሪም ሰላም ብሏችኋል። አቶ ወልደሰማያት ደግሞ «መብራቱን ለላኩት ንገሪልኝ» ብለውኛል፤ ምን ብዬ ብላቸው፣ «የሆነውን» አሉ። ይኸው ነገርኳችሁ።

እህትሽ ሸዋረገጥ
ጅማ፣ ቦሳ አዲስ
የካቲት 9 ቀን 2006 ዓ.ም.