ባዶውን የማይመለስ ቅርጫት

ውድ እታለም፣

የካሮት ማጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ጃኬትሽን ለብሻለሁ፤ አትቆጪ። እጅጌው አሁን ልክ ሆኖኛል። ኪሱ ውስጥ የባቄላ ዘርና ቁራጭ ሲባጎ አገኘሁ፤ እዚያው ተውኳቸው። እማዬ እንዳታጥበው ደብቄው ነበር። ስታገኘው አሸተተችውና መልሳ ሰጠችኝ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ጆሮዬ አንቺን ይጠብቃል። መጀመሪያ የጋሪሽ ጎማ ሲጮህ፣ ቀጥሎ በሬን በቦቲሽ ጫፍ መታ መታ ስታደርጊ፣ ከዚያ ያ ድምፅሽ፦ "አቶ ተማሪ! ካሮቱ ራሱን አጥቦ አይወጣም፤ ተነስ!" እኔም ብርድ ልብሱን ተከናንቤ "ፈተና አለብኝ" እልሻለሁ። "ፈተናህ እዚህ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ቶሎ ካልመጣህ ደግሞ ይቀዘቅዝብሃል" ትዪኛለሽ። አሁን ማንም ሳይጠራኝ እነሳለሁ። ሳይቀሰቅሱት መንቃት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ይሄ ሁሉ ነገር በዚያ ሁለት እግር ባለው ካሮት እንደተጀመረ ታስታውሻለሽ? ያኔ አባዬ ያመረተውን ሁሉ ለነጋዴው ነበር የሚያስረክበው። ነጋዴው ቀጥ ቀጥ ያለውን ይጭንና ጠማማውን መሬት ላይ ጥሎልን ይሄዳል። አንድ ቀን ጠማማዎቹን በካርቶን ሰብስበሽ ከተማ ወረድሽ፤ እኔም ተከተልኩሽ። መጀመሪያ የገባነው ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ነው። ሁለት እግር ያለውን ካሮት አንስታ ከላይ እስከ ታች አየችውና ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች።

"ለዚህኛው ሱሪ ልለካለት?"

ሳቅሽ እስከ መንገዱ ተሰማ። "ሱሪውን ተይውና ቅመሺው" አልሻት። ቀመሰችው። ከዚያ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሳችና ጎረቤቶቿን መጥራት ጀመረች።

እንዲህ ነው ቲቸር የምንለው ጡረታ የወጣው የሂሳብ አስተማሪ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ባለ ጋራዡና ሌሎቹ የእኛ ሰዎች የሆኑት። የተቆረጠ ዋጋ እየከፈሉ ማሳው የሰጠውን አብረውን ሊበሉ፣ ሲከፋም አብረውን ሊቸገሩ ተስማሙ። አባዬ አላመነም። "ደግሞ ድርቅ የሚካፈል ሰው አለ?" ብሎ ሳቀብሽ። ኋላ በረዶ መጥቶ ቲማቲሙን ሁሉ ሲያረግፈው ቲቸር ካርቶኑን ከፈተ፤ ከቆስጣ በቀር ምንም የለም። "እሺ፣ የቆስጣ ሳምንት ነው ማለት ነው" አለና ተሸክሞት ሄደ። በዚያው ሳምንት አባዬ ሸምበቆ ሰንጥቆ ለእያንዳንዱ ቤት ቅርጫት መጎንጎን ጀመረ። ልብስ ሰፊዋም ቤቱ እንዲታወቅ በየጆሮው ላይ ቁራጭ ጨርቅ አሰረችበት። የራሷ ቀይ፣ የቲቸር ባለ መስመር፣ የእኛ ቢጫ።

አንቺ ደግሞ ሕግ አወጣሽ፤ ቅርጫቱ ባዶውን አይመለስም። የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ገለፈት፣ የእንቁላል ቅርፊት ተሞልቶ ይመጣል፤ ለኮምፖስት ክምርሽ፤ እዚያ ሞቆ በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል። "እናንተ ጠግባችሁ መሬቷ ጦሟን ትደር?" ትያቸው ነበር። ፌስታል ይዞ የመጣ ሰው ከበር ይመለሳል። ሹፌሩ አንድ ጊዜ ቢሞክር "አውቶቡስህ ላይ እኔን በጆንያ ብትጭነኝ ደስ ይለኛል?" ብለሽ አሳፈርሽው።

ሆስፒታል ተኝተሽ እንኳ አላረፍሽም። ሐኪሞቹ ልቧ ደክሟል ሲሉን፣ ያው ሲያርፉ የሚለቅ ድካም መስሎኝ ነበር። አልጋሽ ጫፍ ላይ አስቀመጥሽኝና ጠየቅሽኝ፦

"ክምሩ ሞቋል?"

"ሞቋል።"

"በዓይንህ ነው በእጅህ ያየኸው?"

"በእጄ። እስከ ክርኔ ከትቼ።"

"ታጥበሃል ግን?" ብለሽ እጄን ይዘሽ አሸተትሽው። ያቺ አጭሯ ነርስ ሳቀች። "እህትህ ስለ ካሮት ስታወራ ሌሊቱ ይነጋል፤ እውነት እንደምትለው ይጣፍጣል?" አለችኝ። አንቺ ቀደምሽኝ። "ልዳን እንጂ፣ ራሴ ነኝ የማመጣልሽ።"

ከቀብሩ በኋላ ቤታችን በሰው ተሞላ። ልብስ ሰፊዋ እማዬ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ይዛ ዋለች። ሁሉም መጡ። ስለ ቅርጫት ያነሳ ግን አልነበረም፤ እኛም አላነሳንም። ቅዳሜ ሲደርስ አባዬ "ቆስጣው ሳያረጅ እንልቀመው" አለ። ለቀምን፣ አጠብን፣ ጠረጴዛውን በር ላይ አወጣን። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። የተረፈውን ለላሟ ሰጠናት፤ መጀመሪያ ሰርግና ምላሽ ሆነላት፣ ኋላ ግን ቆስጣ ስታይ ፊቷን ማዞር ጀመረች።

"ለጎመን ብለው መስሏችሁ ነው?" አለ አባዬ። "ለእሷ ብለው ነበር የሚመጡት።"

"ቢያንስ ቅርጫቶቹን አይመልሱም?" አለች እማዬ። "ያን ያህል የለፋህበትን።"

 የአባዬን እጅ አየሁት፤ ሸምበቆ የቆረጠውን ጠባሳ በአውራ ጣቱ ያሻሽ ነበር።

ነጋዴው ይሄን ከማን እንደሰማ እንጃ፣ በሞተር ሳይክሉ መጣ። "ጋሼ፣ ነፍሷን ይማር። አሁን እንግዲህ ማን አለዎት? ይሄ ልጅ ተማሪ ነው። ማሳውን ያከራዩኝና ሙሉውን ሽንኩርት ላድርገው። መድኃኒቱን እኔ፣ ማሽኑን እኔ። እርስዎ ወንበር አውጥተው ማየት ነው።"

"ክምሩስ?" አልኩት።

"የቱ ክምር? እሱማ ይጠረጋል። የዝንብ መፈልፈያ!"

አባዬ ጫማውን እያየ "ሰኞ መልሴን እነግርሃለሁ" አለው። ከዚያ በፊት አባዬ ነጋዴ ፊት አንገቱን ሲደፋ አይቼው አላውቅም። እኔ ሽንኩርት አልጠላም፤ ታውቂያለሽ። ግን መደቦችሽ በማሽን ከተገለበጡ፣ ክምርሽም ከተጠረገ፣ ካንቺ የሚቀረኝ ይሄ ጃኬት ብቻ ሊሆን ነው። እሱም ነገ ይጠበኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ማንንም ሳልጠይቅ ቆስጣና ካሮት ለቀምኩ። ከእኛ ቢጫዋ በቀር ቅርጫት የለም፣ እሷን ደግሞ መንካት አልደፈርኩም፤ ስለዚህ የእማዬን የልብስ ሳፋ ሞልቼ በጋሪሽ ላይ ጫንኩና ወደ ልብስ ሰፊዋ ወረድኩ። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። በሩን ሳንኳኳ አንድ ጣት ያህል ተከፈተ፤ ከውስጥ የወጣው ሽታ ግን ወደ ኋላ ገፋኝ።

"እንዴ! አንተ ነህ? ግባ። አይ አይ፣ አትግባ! ቆይ!"

"ቆስጣ ይዤ ነው።"

ሳፋውን አየችው። ከዚያ እኔን። ከዚያ ጃኬትሽን። ዓይኗ ሞላ።

"ሥራ ጀመራችሁ እንዴ?"

"መቼ አቆምን? እናንተ ናችሁ የቀራችሁት።"

"እኛ? ኧረ በማርያም! እናንተን ላለማስቸገር ነው እንጂ! ሐዘን የተቀመጠ ቤት ሄደን 'ቅርጫታችንን ሙሉልን' እንበል? ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም?"

"ታዲያ ቅርጫቱንስ ለምን አልመለሳችሁም?"

"ባዶውን?" አለች፣ የሰደብኳት ይመስል። "ባዶውን አይመለስም ብላን! ሞልተነው እንዳንመጣ ደግሞ የሽንኩርት ገለፈት ይዞ ለቅሶ የሚደርስ ሰው የት አገር አይተሃል?"

እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ቀይ ጨርቅ ያለበት ቅርጫት ሞልቷል። ከጎኑ ባልዲ፣ ከባልዲው ጎን የተሸነቆረ ድስት፣ ከዚያ የማዳበሪያ ከረጢት፤ ሁሉም ልጣጭ። ዝንቡ እንደ ሠርገኛ ይዘፍናል። ከጎረቤቱ ፎቅ በረንዳ ላይ ቲቸር ብቅ አለ።

"ደግ አደረግህ መጣህ! እኔማ ከቤት ልባረር ነበር። አከራዬ 'አይጥ ሞቶብኛል' ብላ ኮርኒሱን ሁሉ ስታስፈታ ሰነበተች።"

"እርስዎስ ምን አሉ?"

"ምን እላለሁ? መሰላል ያዝኩላት።"

ሳቄ አመለጠኝ። ካንቺ በኋላ የመጀመሪያዬ ስለነበር ደነገጥኩ። "ለምን አልጣሉትም ታዲያ ቲቸር?" አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። "እንዴት ይጣላል ልጄ? የእሷ ነው እኮ።"

በማግስቱ እሁድ መጡ። በእግር ነው የመጡት፤ ሹፌሩ አውቶቡሱን እንዲያመጣ ሲለምኑት "መስኮቱን ሁሉ ብከፍት እንኳ ሰኞ ተሳፋሪ አይገባልኝም" ብሎ ቅርጫቱን በትከሻው ተሸከመ። ጋሪሽን እኔ ገፋሁ። አባዬ የውሃ ጎማውን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ከሩቅ ሸቶት ነው።

"ምንድን ነው ይሄ ጉድ?"

"ቅርጫትዎን ልንመልስ ነው ጋሼ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ባዶውን አይደለም።"

አባዬ ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ አየ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን፤ ግማሹ ለጭንቀት፣ ግማሹ ለሽታው። ጎንበስ አለና ከቲቸር ቅርጫት የሐብሐብ ልጣጭ መዘዘ።

"እኛ ሐብሐብ አንተክልም።"

"ምን ላድርግ?" አለ ቲቸር ተሸማቆ። "እናንተ ስትጠፉ ገበያ ወጣሁ።"

"እኛ ነን የጠፋነው?"

"እኛም አልጠፋንም እኮ!"

እማዬ አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና ነበር። ከሻሹ ሥር ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ ሳቅ ነው፤ በእርግጠኝነት ሳቅ ነበር። መሃል ላይ ግን ተለወጠ። ልብስ ሰፊዋ አቀፈቻት። በቃ፣ ተይ ያላት ሰው የለም። አለቀሰች፣ እስኪወጣላት።

አባዬ ማንንም አላስነካም። ቅርጫቶቹን እየተሸከመ ክምሩ ላይ ገለበጠ፣ ራሱ አጠበ፣ ራሱ አጥሩ ላይ ሰቀለ። ባለ ጋራዡ አልመጣም፤ አሁን ከሱፐርማርኬት ነው የሚገዛው አሉ። ቅርጫቱን በልጁ ልኮታል፣ ባዶውን። አባዬ እሱንም አጥቦ ሰቀለው።

ሰኞ ነጋዴው ሲመጣ ትምህርት ቤት አልሄድኩም ነበር፤ ከገንዳው ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

"መሬቱ ሥራ ይዟል" አለው አባዬ።

"ማን ሊሠራው ጋሼ?"

"ትናንት ብትመጣ ይሸትህ ነበር።"

ሞተር ሳይክሉ ከሄደ በኋላ ሳይዞር "ውጣ ከዚያ" አለኝ። "ከነገ ጀምሮ ትማራለህ። ቅዳሜ ግን የእኔ ነህ።" ልብስ ሰፊዋና ሹፌሩ ተራ ገብተው ሊያግዙን ተስማምተዋል። ቲቸርም ካሮት ሊያጥብ ይመጣል፤ እንዳየሁት ግን ከሚያጥበው የሚበላው ሳይበልጥ አይቀርም።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ አልዋሽሽም። አባዬ አሁንም ወንበርሽን ሳያይ ለማለፍ በዙሪያው ይዞራል። እማዬ አንዳንዴ በአንቺ ስም ትጠራኛለች፤ እኔም አቤት እላታለሁ። ቅርጫቶቹ ተመለሱ፤ አንቺ ግን አልተመለስሽም። አጥሩ ላይ ተሰልፈው ሳያቸው ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ቆጣሪያቸው የት ሄደች እላለሁ።

የእኛን የቢጫዋን ቅርጫት ነገር ግን ልንገርሽ። ሚስማሯ ላይ እንደተንጠለጠለች ነበር፤ የደፈራት የለም። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ አወረድኳት። ነገ የበሩ ሥራ ሲያልቅ ሆስፒታል እወስዳታለሁ፣ ለነርሷ። ራሴ አመጣልሻለሁ ብለሻት የለ? ከላይ ሁለት እግር ያለው ካሮት አድርጌላታለሁ፤ ሳወጣው አንቺን መጥራት ቃጥቶኝ ነበር። ቅርጫቷን ስሰጣት ሕግሽንም እነግራታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ልጣጯን እቀበላታለሁ፤ ፌስታል ካወጣችም ፊቴን አዞርባታለሁ።

ይሄን ከመጻፌ በፊት ወደ ክምሩ ሄጄ እጄን ከተትኩ። እስከ ክርኔ። ያ ሁሉ የጠበቀሽ ልጣጭ ታች ሆኖ መሥራት ጀምሯል። ሞቋል እታለም። በዓይኔ አይደለም፣ በእጄ ነው ያየሁት። ቶሎ አላወጣሁትም፤ ሙቀቱ የሰው እጅ ይመስላል።

ያንቺው አቶ ተማሪ

ታጥቤያለሁ።