ሰኞ ጠዋት በቡጢ ስለተተረጎመው የእንግሊዝኛ ቃል

ይድረስ ለተከበሩት የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የቀኝ እጅዎ አጥንትስ? የልጅ ራስ ጠንካራ ነውና ይህን ሳልጠይቅ ብቀር ነውር ይሆንብኛል። እኔ ከገበያው ጥግ ያለሁት ልብስ ሰፊ፣ የአምስተኛ ክፍሏ ልጅ እናት ነኝ። ትምህርቴ እምብዛም ቢሆንም፣ በየሰኞው የጠዋት ሰልፍ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል መርጠው ትርጉሙን፣ አገባቡንና የላቲን ሥሩን ስለሚያስተምሩልን፣ ለቃሉም ምሳሌ የሚሆን ልጅ ከሰልፉ ጠርተው ፊት ስለሚያቆሙ፣ ለደንበኞቼ ሁሉ ሳወራልዎት ኖሬያለሁ። አሁንም ላወራ ነው።

1ኛ. ያለፈው ሰኞ ቃል «ፐግኔሸስ» ነበር። ጠብ የሚወድ፣ በእኛ አነጋገር «ጠብ ያለሽ በዳቦ» ማለት ነው ብለው በማይክሮፎን አስረዱ፤ ግሩም ትርጉም ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለምሳሌነት የጠሩት ግን ልጄን ነው። ጥፋቷም ልትቀመጥ ስትል ወንበሯን ከሥሯ የሳበባትን ልጅ መግፋቷ ነው።

2ኛ. ቃሉ በላቲን ቡጢ ከሚለው የመጣ ነው ብለው እጅዎን ጨብጠው ለሰልፉ አሳዩ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ሁሉም በገባው ነበር። ልጄ «ቲቸር፣ መጀመሪያ የነካኝ እኮ እሱ ነው» ብትል፣ አገባቡን በግራ ጆሮዋ ላይ አሳዩዋት። ወደቀች። ተነሽ ብለው ደገሙላት፤ ጎበዝ አስተማሪ መቼም መድገም አይታክተውም።

3ኛ. ደሙ በገዛ እጄ በሰፋሁት ነጭ ኮሌታ ላይ ሲወርድ፣ ሰልፈኛው ቃሉን በአንድ ድምፅ እንዲል አዘዙና ወደ ክፍል አስገቡት። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ብቻዋን ሱቄ ድረስ መጣች። ሐኪሙ የጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል፣ መዳኑን እንጃ ብሎኛል። በግራዋ በኩል ስጠራት አትዞርም። ስንቴ መቀሴን አንስቼ ወደ እርስዎ ለመምጣት እንደተነሳሁ፣ ስንቴ ጎረቤቶቼ ወገቤን ይዘው እንዳስቀሩኝ ቢያውቁ፣ ሻማ ይዘው ያመሰግኗቸው ነበር።

4ኛ. ሰኞ በሰልፉ ፊት ተንበርክካ ይቅርታ ካልጠየቀች ትባረራለች ሲሉ ትናንት በምክትልዎ በኩል ስለላኩብኝ መልእክት ከልብ አመሰግናለሁ። አትንበረከክም። ፖሊስ ጣቢያ ከስሻለሁ፤ እነሱም በዓይኑ ያየ ሰው አምጪ ብለውኛል። መምህራንዎን ብጠይቅ፣ የሚገርም ነው፣ ያን ሰዓት ሁሉም አጎንብሰው የጫማቸውን ክር ሲያስሩ ነበር አሉ። እንዲህ ያለ ጫማ አክባሪ ትምህርት ቤት ስላሳዩን ዕድሜ ይስጥዎ፤ ፍርዱን በጤና የሚሰሙበት ዕድሜ።

ከዕውቀትዎ ፊት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ ከቡጢዎ ፊት ግን ቀጥ ብላ የምትቆም፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ (በሩ ላይ ቆሜ የጨመርኩት)፦ ይህን ደብዳቤ በግቢው በር ላይ ስለጥፍ ዘበኛዎ ያባርረኛል ብዬ ነበር። እሱ እቴ! መሰላል አምጥቶ «እትዬ፣ መሰላሉ ላይ ውጪ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለኝ። ሰኞ አብሮኝ ጣቢያ ገብቶ ያየውን ሁሉ ይናገራል። ለካ የእሱም ልጅ እርስዎ ዘንድ ሦስተኛ ክፍል ናት።