ጭስ ላይ ስለ ተሰቀለችው ጨው፣ ለደብረ ታቦር ሹም

ሐምሌ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

በደብረ ታቦር ለተቀመጡት ለተከበሩ የጣሊያን መንግሥት ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? የሐምሌ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይዘው፣ ጭቃውም ጫማዎን እንዳይበላው፣ ስለ እኛ ሲያስቡ የሚያጡት እንቅልፍ ሁሉ እንዲመለስልዎ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ዳር አሞሌ ጨው የምሸጠው ጀማል ሙሄ ነኝ። ደብዳቤውን በመልእክተኛ እንዳልሰድ፣ እጅዎ ሳይደርስ የሚያነቡት በዙብኝ። ስለዚህ ሁሉም እኩል ያነበው ዘንድ ከገበያው ወይራ ላይ በገመድ አንጠልጥዬዋለሁ፤ ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጉዳዬ ስለ በላይነህ ነው። በላይነህ የአንበሳሜ ገበሬ ነው፤ ከእርሻው አስነሥታችሁ የጨው መርማሪው ዶክተር ቤት ዘበኛ አደረጋችሁት፤ ዛሬ ደግሞ በምሽጉ እስር ቤት አሥራ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ዓርብ ወደ ጎንደር ተወስዶ እንደ ሽፍታ ይፈረድበታል ተብሏል። በሽፍታ ላይ የምትፈርዱት ፍርድ አንድ ዓይነት ብቻ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ሚስቱ ትርንጎ ከአሁኑ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ቅሬታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ፦ ዶክተሩ የመጡት ጨው ሊያጠኑ ነው ተባልን። የእኔን አሞሌ በእሳት አቅልጠው እንደ ውሃ ሲያደርጉት በዓይኔ አይቻለሁ። በአስተርጓሚ እንደ ነገሩኝ፣ ለዓይን የማይታይ፣ እጅ ላይ ሲያርፍ ግን የሚያሞቅ ብርሃን አለ፤ ያን ብርሃን በቀለጠው ጨው ውስጥ አሳልፈው የትኛው እንዳለፈ፣ የትኛውም እንደተዋጠ ይለካሉ። ጨው ከሁለት ዓይነት ደቃቅ ነገር የተሠራ ነውና፣ ሁለቱ እንዴት እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ ከተዋጠው ብርሃን ይታወቃል አሉኝ። ስለዚህ እውቀት አመሰግናለሁ። ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ የጨውን ጠባይ ለማወቅ አንድ አሞሌ ሲበቃ፣ የእርስዎ ጸሐፊ ከየትኛው መንደር ማን አሞሌ እንደሚገዛ በየሳምንቱ የሚጠይቀኝ ለምንድን ነው? ጫካ ላሉት ስንቅ የሚልከውን ሰው በጨው ለማወቅ ከሆነ፣ ያ ብርሃን በእውነት ብዙ ያሳያል።

፪ኛ፦ መስተዋት ያን ብርሃን ስለሚውጠው፣ በዶክተሩ መሣሪያ ላይ ብርሃኑ የሚያልፍበት መስኮት ከጨው የተሠራ ነው። እንደ ብርሌ የጠሩ ሁለት የጨው ቁራጮች ከአገራቸው አምጥተው ነበር። አንዱ መሣሪያው ላይ ሲውል፣ ሁለተኛው እንዳይሰረቅ ተብሎ በእርስዎ የብረት ሣጥን ተቆለፈበት። ዶክተሩ ለአምስት ቀን ወደ ባሕር ዳር በወረዱ ጊዜ ዝናቡ አላቋርጥ አለ፤ መስኮቱም ማላብ ጀመረ። በላይነህ እናቱና አያቱ በየክረምቱ የሚያደርጉትን አደረገ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቀለው። በዚህ አገር ጨው ክረምትን የሚሻገረው እንዲህ ነው። ዶክተሩ ሲመለሱ መስኮታቸው ጠቁሮ አገኙት፤ እርስዎም ሰውዬውን መሣሪያ አጥፊ አሉት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

፫ኛ፦ ይህኛው አናዶኛል፤ አልደብቅዎትም። ባለፈው ማክሰኞ አስጠርተው ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ አስቀዱልኝ፣ መንግሥትዎ እስላሙን እንደሚወድና መስጊድም እንደሚያሠራልን ነገሩኝ። ቀጥሎ በላይነህ መስኮቱን ሆን ብሎ እንዳጠቆረ ሲናገር ሰምቻለሁ የሚል ወረቀት አቀረቡልኝ፤ ወስጄ አስቤበት እንድፈርምም ፈቀዱልኝ። ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ጌታዬ፣ አባቴ ከንግድ ሲመለስ መንገድ ላይ በታመመ ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመው ቤቱ ያደረሱት የበላይነህ አባት ናቸው። የምንበላው ሥጋ ቢለያይም የምንቀመጥበት ልቅሶ አንድ ነው። ዶክተሩ ራሳቸው እንዳሉኝ፣ ጨው ቢቀልጥም ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው አይሄዱም፤ አንዱ በሌላው እንደተከበበ ይኖራል። ምርመራቸውን ጽፈው ሲጨርሱ አንድ ቅጂ ለቢሮዎ ቢሰጡልን መልካም ነበር።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን ወረቀቱ ሊያልቅብኝ ነው። ወረቀት ስለ ተወደደ የጻፍኩት ከዚያው ከሰጡኝ የምስክርነት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ገበያተኛው ገልብጦ የፊቱንም ያነበዋል፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው፣ ባዶም ይቀራል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል ይባላል፤ እኔም በጨው ያደርኩ ሰው ነኝ።

እንግዲህ በላይነህን ከዓርብ በፊት እንዲፈቱልን እጅ ነሥቼ እለምናለሁ። እኔን ሊያስይዙ ቢፈልጉ ወታደሮችዎን በዝናብ አያንከራትቱ፤ ሱቄ አለሁ።

ለወንበርዎ፣ ለሻይዎና ለፍቅርዎ ውለታ መላሽ ያድርገኝ እያልኩ የምሰናበትዎ፣

ጀማል ሙሄ፣ አሞሌ ሻጭ

የተረሳ ነገር፦ ዶክተሩ ትናንት ሱቄ መጥተው የሆነውን ነገሩኝ። ተናደው ሳይነኩት የቆዩትን ጥቁር መስኮት በደረቅ ቆዳ ሲወለውሉት፣ ጥቀርሻው ተነሥቶ ከሥሩ እንደ ቀድሞው ጠርቶ ወጣ፤ አሁን የሚሠሩት በእርሱ ነው። ሁለተኛውን ሊያዩ የብረት ሣጥንዎን ሲያስከፍቱ ግን ያገኙት በእርጥበት ሟሙቶ ቅርጹ የጠፋ ቁራጭና የጨው ውሃ ነው አሉኝ። የዶክተሩን ጨው ያጠፋ ሰው እንደ ሽፍታ የሚፈረድበት ከሆነ፣ የሣጥኑ ቁልፍ በማን ኪስ እንዳለ ደብረ ታቦር ሁሉ ያውቃል። በላይነህ ያጠፋው ጨው ስለሌለ፣ ዓርብ ወደ ጎንደር በሚሄደው መኪና ላይ የእርሱ ቦታ ለባለ ቁልፉ ባዶ ነው።