የስምሽ ነገር

ሳላሚና፣ ዲሴምበር 7 ቀን 2019
የቅዱስ ኒኮላስ ማግስት

ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ ለአርጊሮ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ትናንት ለመርከበኞች ከተባረከው ዳቦ ድርሻሽን በጨርቅ ጠቅልላልሻለች። ዳቦውንና ይህን ደብዳቤ ይዞ ወደ ቀርጤስ የሚመጣው ጎረቤታችን ያኒስ ነው። መንገድ ላይ ካልበላው ማለቴ ነው።

በስልክ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። «አባዬ፣ ያ ፓንዴሊስ የሚሉት አሥር አለቃ ሦስቴ መለሰኝ! ሄሊኮፕተሬ የመርከቡን ወለል ሊነካ አራት ሜትር ሲቀረው ቀያዮቹን የምልክት ዱላዎች ከራሱ በላይ አመሳቅሎ አትረፊ አለኝ። ምቀኛ! ሰኞ አቤቱታ አስገብቼ ከመርከብ አስወርደዋለሁ» አልሽኝ።

የሚያንገበግብሽ ይገባኛል። አራት ዓመት በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት፣ ሁለት ዓመት በመርከብ ላይ ተረኛ መኮንንነት፣ ከዚያ የበረራ ትምህርት። የአብራሪነት ክንፉን ደረትሽ ላይ የሰኩልሽ ዕለት እናትሽ ፎቶሽን ለዓሣ ሻጩ ሳይቀር አሳይታለች። አሁን የቀረሽ ሄሊኮፕተሩን መርከብ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። ሰኞ ለአራተኛ ጊዜ ከተመለስሽ ከበረራ እንደሚያወጡሽም አውቃለሁ። ቢሆንም አቤቱታውን አታስገቢ። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያፈንኩት ነገር ነው።

አያትሽ ካሊዮፒ አኩርፋኝ እንደሞተች ታውቂያለሽ። በልማዳችን የበኩር ልጅ የአያቷን ስም መውሰድ ሲገባት እኔ በሟቹ የመርከባችን አብራሪ በሻምበል አርጊሪስ ስም አርጊሮ አልኩሽ። «የስሜን ቦታ ነጥቀህ ለባዕድ ሰጠኸው!» ብላ ከጥምቀትሽ ግብዣ ሳትቀምስ ወጣች። ሌላው ሰው ለወዳጁ ታማኝ ነው ብሎ አመሰገነኝ። ወዳጄስ ነበር፤ ግን የበደል ካሳም ነበር።

አርጊሪስ የሞተ ዕለት ባሕሩ ክፉኛ ይናወጥ ነበር። በመርከቡ ወለል ላይ የምልክት ዱላውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አርጊሪስ ከመነሳቱ በፊት በባልደረቦቻችን ፊት «ስታማቲስ፣ ዛሬም ከመለስከኝ ያን እጅህን ቆርጬ ለድመት ነው የምሰጠው!» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ዱላው ከማዕረግ ሁሉ እንደሚበልጥ አላጣሁትም፤ አሥር አለቃ ካመሳቀለው አድሚራልም ይመለሳል። አርጊሪስ ሊያርፍ ሲል ማዕበሉ ወለሉን አነሳበት። ያን ጊዜ ማመሳቀል ነበረብኝ። ሳቃቸው ትዝ አለኝና አመነታሁ። ሦስት ትንፋሽ ያህል ብቻ። እጄን ሳነሳ ጎማው ጠርዙን መትቶ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ባሕር ውስጥ ተገለበጠ፤ አርጊሪስ አልወጣም።

ለመርማሪዎቹ «ምልክቱን በጊዜው ሰጥቻለሁ፤ እሱ አልታዘዘም» አልኳቸው። ሙት አይከራከርም። እናቱ «ልጄን እልኸኝነቱ በላው» እንዳለች ተቀበረች። አንቺም ተማሪ ሳለሽ «ስምሽ የዚያ ምልክት ንቆ የሞተው ሰውዬ ነው?» እያሉ ሲያሾፉብሽ አልቅሰሽ ነግረሽኝ ነበር። እኔም «ተያቸው» ብቻ አልኩሽ። በራሴ አፈርኩ፣ ልጄ፤ ግን ያኔም እውነቱን አልተናገርኩም።

ፓንዴሊስ መኮንንነትሽን አልፈራም። ተናደሽ ምን ምን እንዳልሽው ራስሽ ነግረሽኛል፤ እሱ ግን ሦስቴም ዱላውን አነሳ። እኔ አንድ ጊዜ ያቃተኝን ነው ያደረገው። ሰኞም ካነሳ ተመለሺ። ክንፉ ይቅር፣ አንቺ ኑሪልኝ።

ነገ ጠዋት በጀልባ ተሻግሬ ለአርጊሪስ እህት ለዴስፒና እነግራታለሁ። ከዚያ ለባሕር ኃይሉ እጽፋለሁ፤ ጡረታዬን ቢነሱኝ ይንሱኝ። እናትሽ ገና አልሰማችም። ከማድ ቤት ሆና «ወፍራም ካልሲ እንድታደርግ ጻፍክላት?» እያለችኝ ነው። ጽፌያለሁ።

ቅዱስ ኒኮላስ ከማዕበል ይሰውርሽ፤ በሰላም አሳርፎ በሰላም ያግባሽ። ዳቦውን ስትቆርሺ ለፓንዴሊስም አካፍዪው።

አባትሽ
ስታማቲስ

ስምሽን እንዳትጠዪው። አርጊሪስ አልታዘዝም አላለም፤ ተመለስ ያላልኩት እኔ ነኝ።