ካምቢዮ በደቦ ያስፈታኝ መመሪያ

ለክቡር የጋራዥ ማዛወሪያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም መመሪያውን በፈረሙበት ሌሊት እንደነበረው የሰላም ይሁንልዎ እያልኩ፣ እኔ ከከተማዋ ዳር ባለች የሰፈራ መንደር ማንጎ አምርቼ በአሮጌ ፒክአፕ ለገበያ የማደርሰው ፈንታ ወሰን፣ ስለዋሉልኝ ውለታ በሕዝብ ፊት ላመሰግንዎ ብዕር አንስቻለሁ።

1. ከተማችን እንድታምር ብለው ጋራዦችን በሙሉ ከወንዙ ማዶ ስላሰፈሩልን እናመሰግናለን። መንገዱን ረስተውታል፤ ይሁን፣ ሰው ነዎት። ዝናብ ከጀመረ ወዲህ ግን እዚያ የሚደርሰው ምንም ያልጎደለው መኪና ብቻ ነው። ለጤነኛ ብቻ የተሠራ ሆስፒታል ከእርስዎ በፊት ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

2. ማንጎው ደርሶ ግቢዬ በሞላበት ሳምንት የመኪናዬ ፍሪሲዮን ተቃጥሎ ከደጄ ቆመች። መካኒካችን ዋሊድ መጥቶ እንዳይሠራልኝ፣ ከጋራዥ መንደሩ ውጭ ብሎን የፈታ ባለሙያ ፈቃዱን ይነጠቃል የሚለው አንቀጽዎ ያዘው። ምንም የማያውቅ ሰው ቢፈታ ግን አንቀጹ ዝም ይላል። ይህችን ቀዳዳ ስለተዉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

3. እኛ የሰፈራ ሰዎች ሥራ ሲከብደን የምናውቀው መላ አንድ ነውና ደቦ ጠራሁ። ባለቤቴ እታለም ጠላ ጠመቀች፤ ጎረቤቱም ጎጆ እንደሚከድን ሰው እየዘፈነ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ዋሊድ በስልክ ሊመራን ሞክሮ ነበር፤ የመጨረሻ ቃሉ «እሱን ብሎን ግን እንዳትነኩት» የሚል ሲሆን፣ የትኛውን እንደሆነ ሳይነግረን ኔትወርኩ ሄደ። ፍሪሲዮኑ ያለው ከካምቢዮው ጀርባ ነውና ካምቢዮው በሆታ ወረደ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? ሁሉም የፈታውን ብሎን ለጥንቃቄ ከኪሱ ከተተና፣ ጠላው ሲያልቅ ኪሱን ይዞ ወደየቤቱ ሄደ። ሐመድ የእሱን ይዞት ባምባሲ ገበያ ወረደ። ኢተፋ ለቀንበሩ ልክክ ብሎለት አገኘውና አሁን እያረሰበት ነው። የተረፈውን መልሰን ለመግጠም ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ መኪናዋም ሦስት ጊዜ ዘይቷን ተፋችብን።

4. ማንጎ ግን መመሪያ አይጠብቅም። ከሥር ያለው ፈርሷል፣ ከላይ ያለው ጠቁሯል፣ ዝንቡም መንደሩን ወርሶታል። የዓመት ልፋቴ ነው፣ ክቡር ሆይ። የልጆቼ ቀለብም ልብስም ከዚህ ሌላ የለም። እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀብኝ፤ ቢሮዎ ተቀምጠው በአንድ ፊርማ ያበሰበሱት ይህን ነው፣ እኔም ይቅር አልልዎትም።

ውበትን ከሰው ለሚያስቀድመው ክቡርነትዎ እጅ እየነሳሁ፣

ካምቢዮው በግቢው፣ ብሎኑ በየጎረቤቱ የቀረበት አመስጋኝዎ፣
ፈንታ ወሰን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልቋጭ፣ እርስዎን ይዛ ጋራዥ መንደሩን ልታስጎበኝ የሄደችው የቢሮዎ ነጭ መኪና ስትመለስ ጭቃው ፍሪሲዮኗን ጨርሶት፣ እርስዎም ከውስጧ እንዳሉ፣ ከደጄ ቆማለች። ሾፌርዎ ዋሊድን እንድጠራለት ቢለምነኝም፣ የእርስዎን አንቀጽ መጣስ ስለከበደኝ እምቢ አልኩት። ግን አይስጉ፤ ደቦ ጠርቻለሁ።